ሳይታሰብ የሚወጣ ተራራ፦ ስለ ጃፓን የቅርብና የሩቅ ተራሮች

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት የሚያተኩረው ለጉብኝት ወደ ጃፓን የሄደ ሰው ሳያቅድና ሳይዘጋጅ ራሱን በተራራ መንገድ ላይ በሚያገኝበት ሁኔታ ላይ ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የአንድ መንገደኛ ገጠመኝ ብቻ ቢመስልም፣ ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ግን የአገሪቱን የመሬት አቀማመጥ፣ የሕዝቡን ጥንታዊ እምነት፣ የባቡር መስመሮቹን አዘረጋግና የተራራ ላይ ደኅንነት ደንቦችን አንድ ላይ የሚያስተሳስር ሆኖ ይገኛል። በዝግጅቱ በቅድሚያ ተራራና ከተማ በጃፓን እንዴት እንደተጎራበቱ ይብራራል፤ ቀጥሎ በኪዮቶ ከተማ የሚገኘው የኢናሪ ተራራ ከግርጌ እስከ ጫፍ በቅርብ ይታያል፤ በመጨረሻም ሳይዘጋጁ ሊወጡት የሚቻለው ተራራ ከማይቻለው በምን እንደሚለይ ይገለጻል። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ሰዓቶቹ ግን የጃፓን ሰዓት ሆነው ለአድማጭ እንዲቀልሉ በኢትዮጵያ አነጋገር የተቀመጡ ናቸው።

ጃፓን ሆካይዶ፣ ሆንሹ፣ ሺኮኩና ኪዩሹ በሚባሉ አራት ትልልቅ ደሴቶችና በብዙ ሺህ ትንንሽ ደሴቶች የተዋቀረች አገር ስትሆን፣ ከመሬቷ ሦስት አራተኛ ያህሉ ተራራና ኮረብታ ነው፤ ሁለት ሦስተኛ ያህሉንም ደን ሸፍኖታል። የዚህ ምክንያቱ ከምድር በታች ነው። የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አካል ሳይሆን እጅግ ቀስ ብለው በሚንቀሳቀሱ ግዙፍ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ጃፓን የፓስፊክ ሰሌዳና የፊሊፒንስ ባሕር ሰሌዳ ከሌሎች ሰሌዳዎች ሥር በሚሰርጉበት ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ይህ መሰራረግ መሬቱን ሲገፋውና ሲያጥፈው፣ ወደ ጥልቁ የወረደው ሰሌዳም ከበላዩ ያለው ዐለት እንዲቀልጥ ምክንያት ሲሆን፣ ውጤቱ በአንድ በኩል የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በሌላ በኩል ደግሞ በሰንሰለት የተያያዙ ተራሮችና እሳተ ገሞራዎች ናቸው። በአሁኑ ጊዜ በአገሪቱ 111 ንቁ እሳተ ገሞራዎች ተመዝግበዋል፤ ንቁ የሚባሉትም ባለፉት 10,000 ዓመታት ውስጥ የፈነዱት ወይም ዛሬም ጋዝና እንፋሎት የሚተፉት ናቸው።

በዚህ ረገድ አንድ ልዩነት ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ቀድሞ ግልጽ መሆን ይኖርበታል። የኢትዮጵያ ደገኛ የሚኖረው፣ የሚያርሰውና ገበያ የሚያቆመው በከፍታው ላይ ነው፤ ሙቀቱና ወባው ሲፈራ የኖረው ቆላው ነው። በጃፓን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሩዝ ውኃ የሚተኛበት ደልዳላ መሬት ስለሚፈልግ፣ መንደሩም ከተማውም የተቆረቆረው በጠባቡ ሜዳ ላይ ሲሆን፣ ተራራው ግን ሰው እንጨት ሊለቅም፣ እንጉዳይ ሊፈልግ ወይም ሊጸልይ ወጥቶ የሚመለስበት እንጂ የሚያድርበት ስፍራ አልነበረም። ከ120 ሚሊዮን በላይ የሆነው ሕዝብ በዚያ ጠባብ ሜዳ ላይ ሲሰፍር፣ ቤቶቹ እስከ ተራራው ግርጌ ተጠጉ፤ ዳገቱ ሲጀምር ከተማው ያበቃል፣ ከተማው ሲያበቃም ደኑ ይጀምራል። በብዙ የጃፓን ከተሞች ከመጨረሻው ቤት እስከ መጀመሪያው የደን ዛፍ ያለው ርቀት በእግር ከጥቂት ደቂቃዎች አይበልጥም።

ጃፓናውያን እነዚህን ተራሮች በሁለት ስም ለይተው ይጠሯቸዋል። የመጀመሪያው ሳቶያማ ይባላል፤ ሳቶ መንደር፣ ያማ ደግሞ ተራራ ማለት ስለሆነ፣ ስሙ ለሰው ቅርብ የሆነውን፣ ገበሬው ማገዶውንና ለማዳበሪያ የሚሆነውን የረገፈ ቅጠል የሚያመጣበትን የመንደር ተራራ ያመለክታል። ሁለተኛው ኦኩያማ ሲሆን፣ ትርጉሙ ከመንደሩ ተራራ ባሻገር ያለው፣ ሰው እምብዛም የማይደርስበት የውስጥ ተራራ ማለት ነው። ይህ ክፍፍል ለዛሬው ርዕስ ቁልፍ ነው፤ ምክንያቱም ሳይታሰብ የሚደረግ የተራራ ጉዞ መልካም ፍጻሜ የሚኖረው ተጓዡ ከሁለቱ በየትኛው ላይ እንዳለ ሲያውቅ ነው።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

ተራራው ለከተማው ቅርብ መሆኑ ብቻ ግን አንድ ቤተ መቅደስ ሊያይ የመጣ ጎብኚ ለምን ተራራ ሲወጣ እንደሚገኝ አያስረዳም። ለዚህ ወደ እምነቱ መሻገር ያስፈልጋል። የጃፓን ጥንታዊ እምነት ሺንቶ የሚባል ሲሆን፣ በዚህ እምነት የሚከበሩት ኃይሎች ካሚ ይባላሉ። ካሚ በተራራ፣ በፏፏቴ፣ ዕድሜ በጠገበ ዛፍ ወይም በታላቅ ዐለት ያድራል ተብሎ ስለሚታመን፣ በብዙ ቦታ ቅዱስ የሚባለው ሕንፃው ሳይሆን ከሕንፃው ጀርባ ያለው ተራራ ነው። በናራ ግዛት የሚገኘው የኦሚዋ ቤተ መቅደስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ጥንታዊ ስፍራ የጸሎት አዳራሽ እንጂ ካሚው የሚያድርበት የውስጥ ሕንፃ የለውም፤ የሚሰገድለት 467 ሜትር ከፍታ ያለው የሚዋ ተራራ ራሱ ነው።

በ6ኛው መቶ ዘመን የቡድሃ እምነት ከኮሪያ ልሳነ ምድር ሲገባም ይህ ለተራራ የሚሰጥ ክብር አልቀረም። የቡድሃ ገዳማት ከመጠሪያ ስማቸው በፊት የተራራ ስም ይሰጣቸዋል፤ ገዳሙ በሜዳ ላይ በከተማ መካከል የቆመ ቢሆን እንኳ ትልቁ በሩ ሳንሞን፣ ማለትም የተራራ በር ይባላል፤ ገዳሙን የመሠረተው መነኩሴም ካይሳን፣ ማለትም ተራራ ከፋች ተብሎ ይጠራል። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም፤ ደብር የሚለው የግዕዝ ቃል ቀጥተኛ ፍቺው ተራራ ሲሆን፣ በአማርኛ ግን ካህናቱና ምእመናኑ ያሉበት ቤተ ክርስቲያን መጠሪያ ሆኖ፣ በሜዳ የተሠራውም ጭምር ደብር ሲባል ይኖራል። በሁለቱም አገር ቋንቋው የሰው ጸሎት ቀድሞ ወደ ከፍታ ይወጣ እንደነበር አስታውሶ ይዟል።

ሺንቶና የቡድሃ እምነት በተራራ ላይ ሲገናኙ ደግሞ ሹገንዶ የሚባል ሥርዓት ተወልዷል። ሹገንዶ በተራራ ላይ በመጾም፣ በቀዝቃዛ ፏፏቴ ሥር በመቆምና ገደል በመውጣት መንፈሳዊ ኃይል ይገኛል የሚል ትምህርት ሲሆን፣ ጀማሪው በ7ኛው መቶ ዘመን የኖረው ኤን ኖ ግዮጃ እንደሆነ ይነገራል። ተከታዮቹ ያማቡሺ ይባላሉ፤ ትርጓሜውም በተራራ የሚያድሩ እንደ ማለት ነው። በብዙ ቅዱሳን ተራሮች ላይ ሴቶች እንዳይወጡ የሚከለክል ሥርዓት የነበረ ሲሆን፣ መንግሥት በ1872 ክልከላው እንዲነሳ እስካዘዘበት ጊዜ ድረስ የፉጂ ተራራም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ስለዚህ በጃፓን ተራራ ላይ የሚታዩት አብዛኞቹ አሮጌ መንገዶች ለመዝናኛ የተቀደዱ አይደሉም፤ ተሳላሚ በእግሩ የጠረጋቸው ናቸው። ተራራን ለስፖርት መውጣት የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሲሆን፣ የጃፓን የተራራ ወጪዎች ማኅበር በ1905 ተመሥርቷል፤ ከ2016 ጀምሮም ነሐሴ 5 ቀን፣ በእነርሱ አቆጣጠር ኦገስት 11፣ የተራራ ቀን ተብሎ በብሔራዊ በዓልነት ይከበራል።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ የሚታየው በኪዮቶ ነው። ኪዮቶ በሰሜን፣ በምሥራቅና በምዕራብ በተራሮች የተከበበች ጥንታዊት ከተማ ስትሆን፣ በምሥራቅ በኩል ያሉት ከፍታዎች የሂጋሺያማ 36 ጫፎች ተብለው ይታወቃሉ። የእነዚህ የደቡብ ጫፍ የሆነው የኢናሪ ተራራ 233 ሜትር ብቻ ከፍታ አለው። ከኪዮቶ ዋና የባቡር ጣቢያ ተነስቶ ወደ ናራ የሚሄደው ባቡር በሁለተኛው ፌርማታ፣ በ5 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ኢናሪ ጣቢያ ይደርሳል፤ ከጣቢያው የወጣ ሰው ቀና ሲል የሚያየው የፉሺሚ ኢናሪ ቤተ መቅደስን የመጀመሪያ ታላቅ በር ነው። መግቢያው ክፍያ የለውም፤ ሌትና ቀን ክፍት ነው። ጎብኚው በአብዛኛው የሚመጣው በፎቶግራፍ ያየውን የቀይ በሮች መተላለፊያ አይቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለመመለስ ነው፤ ተራራ የሚባል ነገር በሐሳቡ የለም።

የቤተ መቅደሱ አመሠራረት በአፈ ታሪክ ሲነገር እስከ 711 ድረስ ወደ ኋላ ይወስዳል። ትውልዱ ከኮሪያ ልሳነ ምድር ከመጣው ከሐታ ጎሳ የሆነ አንድ ባለጸጋ ከሩዝ የተሠራ ዳቦ ዒላማ አድርጎ በቀስት ሲወጋው፣ ዳቦው ነጭ ወፍ ሆኖ ወደ ተራራው ጫፍ በረረ፤ ባረፈበት ቦታም ሩዝ በቀለ ይባላል። ኢናሪ የሚለው ስምም ሩዝ በቀለ ከሚል አነጋገር ጋር ይያያዛል። የኢናሪ ካሚ በመጀመሪያ የሩዝና የመልካም አዝመራ ጠባቂ ሲሆን፣ የገበያና የእጅ ሥራ ኑሮ በተስፋፋበት ዘመን ደግሞ የነጋዴዎችም ባለ አደራ ሆነ፤ ዛሬ በመላ አገሪቱ 30,000 ያህል የኢናሪ ቤተ መቅደሶች እንዳሉ ሲነገር፣ የሁሉም ራስ ይህ የፉሺሚው ነው። ትልቁን ባለ ፎቅ በር በ1589 ያሠራው በዘመኑ የአገሪቱ ገዢ የነበረው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ሲሆን፣ ዋናው መቅደስ በጦርነት ከተቃጠለ በኋላ በ1499 እንደገና የታነጸ ነው። በግቢው በየአቅጣጫው የሚታዩት የድንጋይ ቀበሮዎች የካሚው መልእክተኞች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በአፋቸው የሩዝ ነዶ፣ ሌሎቹ የጎተራ ቁልፍ ነክሰዋል።

ከዋናው መቅደስ ጀርባ ሰንቦን ቶሪ፣ ማለትም ሺህ በሮች የሚባለው መተላለፊያ ይጀምራል። ቶሪ ሁለት ቋሚ ምሰሶዎችና ከላይ ሁለት አግዳሚዎች ያሉት፣ መዝጊያ የሌለው በር ሲሆን፣ ተራው ዓለም አብቅቶ ቅዱሱ ስፍራ የሚጀምርበትን ወሰን ያሳያል። ወደ ብርቱካን የሚያደላው ቀይ ቀለሙ እርኩስን ያርቃል ተብሎ ይታመናል፤ ጥንት የሚዘጋጀውም ሜርኩሪ ካለበት ማዕድን ስለነበር እንጨቱን ከመበስበስ ይጠብቀው ነበር። በተራራው ላይ ያሉት ቶሪዎች በጠቅላላው ወደ 10,000 የሚጠጉ ናቸው። ሁሉም ስእለት ናቸው፤ ጸሎቱ የሰመረለት ወይም እንዲሰምርለት የሚሻ ነጋዴ፣ ድርጅት ወይም ቤተሰብ አንዱን በር በገንዘቡ ያስተክላል። ልማዱ የተስፋፋው ከ1603 እስከ 1868 በዘለቀው የኤዶ ዘመን ነው። በጃፓንኛ ማለፍ የሚለው ቃል የልመናን መድረስም ስለሚያመለክት፣ ሰው በበሩ ሲያልፍ ልመናውም ያልፋል የሚል የቃል ጨዋታ ከልማዱ ጋር አብሮ ይነገራል። እንጨቱ እርጥብ መሬት ላይ በመቆሙ ከእግሩ ጀምሮ ሲበሰብስ፣ አሮጌው ተነስቶ አዲስ ይተከላል፤ የበሮቹ ሰልፍ ዘመናት ቢያስቆጥርም እያንዳንዱ በር ግን የቅርብ ዘመን ሥራ ነው።

ተጓዡ ሳያስበው ተራራ መውጣት የሚጀምረው በዚህ መተላለፊያ ውስጥ ነው፤ ይህም እንዴት እንደሚሆን ልብ ብሎ ማስተዋል ይጠቅማል። በሮቹ እጅግ ተቀራርበው ስለተተከሉ ግራና ቀኙ ግድግዳ፣ ላዩም ጣሪያ ያለው ይመስላል፤ ተራራው ከውስጥ አይታይም። መንገዱ ስለሚጠማዘዝም ዓይን ከሚቀጥለው ጥምዝ አያልፍም፤ የዳገቱ ርዝመት በአንድ ጊዜ ስለማይገለጥ ሰው ይህችን ጥምዝ ብቻ አልፌ እመለሳለሁ እያለ ሌላ ጥምዝ ይጨምራል። የመጀመሪያው የማረፊያ ስፍራ፣ ኦኩሻ የሚባለው የውስጥ ቤተ መቅደስ፣ ሁለት የድንጋይ ፋኖሶች አሉት፤ ስእለተኛው ፍላጎቱን በልቡ ይዞ የፋኖሱን አናት ድንጋይ ያነሳል፤ ከገመተው ከቀለለው ምኞቱ ይሰምራል፣ ከከበደው ግን ገና ድካም ይጠብቀዋል ይባላል። ብዙ ጎብኚ ከዚህ ይመለሳል። የማይመለሰው ደግሞ ከዚህ በላይ የድንጋይ ደረጃ ይጠብቀዋል፤ በሮቹ ይሳሳሉ፣ የሰዉ ጫጫታ ይርቃል፣ ረጃጅሞቹ የጥድ ዓይነት ዛፎች ጥላቸውን ይጥላሉ፣ እስትንፋስም ይፈጥናል። በመንገዱ ዳር ቻያ የሚባሉ የሻይ ቤቶች አሉ፤ በእነዚህም የተጠበሰ ቶፉ፣ ማለትም ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ፣ ሩዝ ተሞልቶ ወይም በወፍራም የስንዴ መኮሮኒ ሾርባ ላይ ተደርጎ ይቀርባል። የተጠበሰ ቶፉ ቀበሮዎቹ የሚወዱት ምግብ ነው ስለሚባል፣ ሩዝ የተሞላው ኢናሪ፣ ሾርባው ደግሞ የቀበሮ ኡዶን በሚል ስም ይጠራል።

ከተራራው ወገብ በላይ ዮትሱትሱጂ የሚባል የአራት መንገዶች መገናኛ አለ። ዛፎቹ በዚህ ቦታ ገለጥ ስለሚሉ፣ ተጓዡ ለመጀመሪያ ጊዜ የኪዮቶን ከተማ ከእግሩ በታች ተዘርግታ ያያል፤ ተራራ መውጣቱንም የሚረዳው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ከመገናኛው ጫፉን ዙሮ የሚመለስ መንገድ ይነሳል። ኢቺኖሚኔ፣ ማለትም አንደኛው ጫፍ በሚባለው ከፍታ ላይ የሚጠብቀው ግን ሰፊ ትዕይንት አይደለም፤ በዛፍ የተከበበ ትንሽ መቅደስ፣ በዙሪያውም ኦትሱካ የሚባሉ፣ የካሚ ስም የተቀረጸባቸውና ትንንሽ ቶሪ የተደረደሩባቸው የድንጋይ መሠዊያዎች ናቸው። ሙሉ ዙሩ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል። ቁመቱ ለኢትዮጵያ ደገኛ ከጉብታ የማይቆጠር ቢሆንም፣ ድካሙ ያለው ከፍታው ላይ ሳይሆን ደረጃው ላይ ነው።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

ከኪዮቶ ውጭም ተመሳሳይ ሁኔታ በብዙ ስፍራ ይገጥማል። ከቶኪዮ መሃል ከሺንጁኩ ጣቢያ በአንድ ሰዓት ገደማ ባቡር የሚደርሱበት የታካኦ ተራራ 599 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በ744 እንደተመሠረተ የሚነገር ገዳም ይገኝበታል። በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ይወጣዋል። በሽቦ ገመድ የሚሳበው የተራራ ባቡር ሽቅብ የሚወጣበት መንገድ በአንድ ቦታ 31 ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብል በጃፓን በዓይነቱ ወደር የለውም። ዋናው መንገድ የተነጠፈ ሲሆን፣ 6ኛው መንገድ ግን ወንዝ ተከትሎ እርጥብ ድንጋይ ላይ ስለሚያስኬድ፣ በአንዱ ወጥቶ በሌላው የሚወርድ ሰው ሁለት የተለያዩ ተራሮች ላይ የዋለ ያህል ይሰማዋል። በሂሮሺማ አጠገብ ባለችው የሚያጂማ ደሴት ደግሞ በባሕር ላይ የቆመውን ታላቅ ቶሪ ለማየት የሄደ ጎብኚ፣ ወደ 535 ሜትሩ የሚሰን ተራራ በአየር ላይ በገመድ የሚሄድ ሰረገላ እንዳለ ያያል፤ ሰረገላው ግን ጫፍ ድረስ ስለማይወስድ ቀሪውን ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር መውጣት የግድ ይሆናል። የመጨረሻው ሰረገላ ካመለጠውም ቁልቁለቱን በሙሉ በእግሩ መውረድ ዕጣው ነው።

እነዚህ ሁሉ የሳቶያማ ወገን ናቸው፤ ደረጃቸው የተሠራ፣ ምልክታቸው የተተከለ፣ ሰው የማይጠፋባቸው ተራሮች ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ኦኩያማውም በተመሳሳይ በር ሲከፈት ነው። በአማርኛ ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው፣ ለእጅ የቀረበ ነገር ይናቃል፤ የጃፓን መጓጓዣ ደግሞ ሩቁን ተራራ ሳይቀር ቅርብ አስመስሎ ያቀርበዋል። የዚህ ዋና ምሳሌ በ1707 ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው፣ 3,776 ሜትር ከፍታ ያለው የፉጂ ተራራ ነው። አውቶቡስ በተነጠፈ መንገድ እስከ አምስተኛው ጣቢያ፣ ማለትም ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ድረስ ያወጣል፤ ይህም ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር ተቀራራቢ ነው። ትዕይንቱን አይቶ ለመመለስ የወጣ ሰው ፊት ለፊቱ የተጠረገ መንገድና የሚወጡ ሰዎች ሲያይ፣ ጫፉ የቀረበው ይመስለዋል። እውነቱ ግን ከዚያ በላይ ወደ 1,500 ሜትር የሚጠጋ ከፍታና ከ5 እስከ 7 ሰዓት የሚፈጅ ዳገት መኖሩ ነው። የአየሩ ግፊት በጫፉ ላይ በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ስለማይሞላ ከዝቅተኛ አገር የመጣን ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይይዘዋል፤ በነሐሴ ወር እንኳ የጫፉ አማካይ ሙቀት 6 ዲግሪ ገደማ ነው።

ጃፓናውያን በመንገድ ላይ ባሉት የተራራ ቤቶች ሳያርፉ ሌሊቱን በሙሉ ወጥቶ ፀሐይ ስትወጣ ጫፍ ላይ ለመገኘት የሚደረገውን ጥድፊያ ዳንጋን ቶዛን፣ ማለትም የጥይት አወጣጥ ይሉታል። ይህን ለመግታት በ2024 የያማናሺ ግዛት አስተዳደር ወደ ፉጂ ከሚያወጡት አንዱ በሆነው በዮሺዳ መንገድ መነሻ ላይ በር አቁሞ 2,000 የን ማስከፈልና የሚወጡትን ሰዎች ቁጥር በቀን በ4,000 መገደብ ጀመረ፤ በተራራ ቤት ማደሪያ ላልያዘ ሰውም በሩ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ይዘጋ ነበር። በ2025 ክፍያው ወደ 4,000 የን ከፍ ሲል፣ የመዝጊያው ሰዓትም ወደ 8 ሰዓት ቀድሟል። ወቅቱም የተወሰነ ነው፤ ተራራው ለወጪ የሚከፈተው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን አካባቢ ባለው አጭር የበጋ ጊዜ ብቻ ነው።

ተራራው ያለማስጠንቀቂያ ሊቆጣ እንደሚችል ያስተማረው ደግሞ 3,067 ሜትር ከፍታ ያለው የኦንታኬ ተራራ ነው። መስከረም 17 ቀን፣ በእነርሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 27 ቀን 2014፣ ቅጠሎቹ ቀይ በሆኑበት ፀሐያማ ቅዳሜ፣ ልክ እኩለ ቀን ሊሆን 8 ደቂቃ ሲቀረው እሳተ ገሞራው ድንገት ፈነዳ፤ ሰዓቱ ብዙ ሰው ጫፉ ላይ ምሳ የሚበላበት ስለነበር 58 ሰዎች ሞተው 5 ሰዎች የደረሱበት ሳይታወቅ ቀርቷል። በዚያን ዕለት የተራራው የማስጠንቀቂያ ደረጃ ዝቅተኛው፣ ማለትም መደበኛ የሚል መጠሪያ የነበረው ደረጃ 1 ነበር። መደበኛ የሚለው ቃል ሰውን ማዘናጋቱ ስለታወቀ፣ በ2015 መጠሪያው ንቁ እሳተ ገሞራ መሆኑን ልብ በሉ ወደሚል ማሳሰቢያ ተለውጧል።

ከዚህ ሁሉ በመነሳት፣ በድንገት የተራራ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ሊያመዛዝናቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂትና ግልጽ ናቸው። የመጀመሪያው ብርሃን ነው። በኢትዮጵያ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ስለምትጠልቅ፣ ሰው የቀኑን ርዝመት ሳያሰላ ይኖራል፤ በኪዮቶ ግን በሰኔ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ የምትጠልቀው ፀሐይ በታኅሣሥ 10 ሰዓት ከ45 ሲሆን ትጠፋለች፤ በደን ውስጥ ጨለማው ከዚያም ይቀድማል። ስለዚህ ለመውጣት የፈጀው ጊዜ ታይቶ፣ ለመውረድ ያን ያህል ጊዜ ብርሃን መቅረቱ ካልተረጋገጠ፣ ጫፉ ምንም ያህል ቢቀርብ መመለስ ይገባል። ሁለተኛው አየሩ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ወደ 6 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይቀንሳል፣ በላብ የራሰ ልብስም ብርዱን ያብሰዋል፤ በሰኔና በሐምሌ የዝናቡ ወቅት፣ በነሐሴና በመስከረም ደግሞ ታይፉን የሚባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ይመጣል። ሦስተኛው የዱር አራዊት ነው፤ በሆንሹ ጥቁር ድብ፣ በሆካይዶ ከእሱ የሚገዝፍ ቡናማ ድብ ስላለ፣ ወጪዎች ድቡ ድምፅ ሰምቶ እንዲርቅ በሻንጣቸው ላይ ትንሽ ቃጭል ያንጠለጥላሉ። አራተኛው የወሬ ነጋሪ ጉዳይ ነው፤ ወደ ውስጥ ተራራ የሚሄድ ሰው ቶዛን ቶዶኬ የሚባል፣ ስሙን፣ የሚሄድበትን መንገድና የሚመለስበትን ቀን የሚገልጽ ማስታወቂያ ለፖሊስ ያስገባል፤ ይህም በአንዳንድ ግዛቶች በደንብ የተደነገገ ግዴታ ነው። ለአደጋ ጊዜ የፖሊስ ስልክ 110፣ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ደግሞ 119 ነው። የነዚህ ሁሉ ማጠቃለያ አንድ ነው፦ ማስታወቂያ የሚጠየቅበት፣ ቃጭል የሚንጠለጠልበትና ወቅት የተቆረጠለት ተራራ የውስጥ ተራራ ስለሆነ፣ እንዲያው በአጋጣሚ አይወጣም።

የኢናሪ ተራራ ያልተዘጋጀውን መንገደኛ በደኅና የሚመልሰው ተራራነቱ ስለቀረ አይደለም፤ ሌሎች ቀድመው ስለተዘጋጁለት ነው። ይህም ከሁሉ ይልቅ ግልጽ የሚሆነው በመመለሻው ላይ ነው። ወደ ላይ የሚወጣ ሰው በበሮቹ ፊት የሚያየው ባዶ ቀይ ምሰሶ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ የተጻፈው በጀርባቸው ስለሆነ የሚታየው ለሚወርድ ሰው ነው። በአንዱ ምሰሶ ላይ በሩን ያስተከለው ሰው ወይም ድርጅት ስም፣ በሌላው ላይ ደግሞ የተተከለበት ዓመትና ወር በጥቁር ቀለም ከላይ ወደ ታች ሰፍሮ ይገኛል። ጉልበቱ የደከመው ተጓዥ በመቶዎች በሚቆጠሩ ስሞች መካከል ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ሳያስበው የወጣበት መንገድ ሌሎች እያሰቡ፣ እየተሳሉና ወጪውን እየከፈሉ አንድ አንድ በር ያቆሙለት መሆኑን በየምሰሶው ተጽፎ ያያል።